ቦኒፋንት ስትሪት፦ ባቡሩ ሲዘገይ የሱቁን ኪራይ ማን ከፈለ?

ሲልቨር ስፕሪንግን ለሐበሻ ማስተዋወቅ ትርፍ ሥራ ነው። ከዲሲ ሰሜናዊ ድንበር አለፍ እንዳሉ የምትጀምር፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሥር ያለች ሰፈር ናት። በ2020 ቆጠራ 81,000 ያህል ሰው ተመዝግቦባታል። ጆርጂያ አቬኑና ፌንተን ላይ የአማርኛ ሰሌዳ የለጠፈ ሱቅ ማየት ብርቅ አይደለም። ካውንቲው ራሱ ከ2012 ጀምሮ ከጎንደር ጋር የእህትማማች ከተማ ግንኙነት አለው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

እዚህ የማነሳው ግን የአንዲት አጭር መንገድ ጉዳይ ነው። ቦኒፋንት ስትሪት ትባላለች። ከሜትሮ ጣቢያው አካባቢ ተነስታ ጆርጂያ አቬኑን ታቋርጥና ወደ ፌንተን፣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ትወጣለች። ዳርና ዳሯን ትንንሽ ሱቆች ይዘዋታል። አብዛኞቹ ባለቤቶች ከሌላ አገር መጥተው ኑሯቸውን እዚህ የመሠረቱ ሰዎች ናቸው። ፐርፕል ላይን የሚባለው ቀላል ባቡር ሀዲዱን የዘረጋው በዚችው ጠባብ መንገድ ላይ ነው።

ሥራው በ2017 ተጀመረ። ባቡሩ በመጀመሪያው ዕቅድ ማርች 2022 ላይ ሰው መጫን ነበረበት። አልሆነም። ቀጠሮው አንዴ ወደ 2026፣ አንዴ ወደ 2027 ጸደይ ተገፋ። በ2024 ደግሞ ወደ 2027 መገባደጃ ተሻገረ። የአምስት ዓመት ሥራ የአሥር ዓመት ሆነ ማለት ነው። ባለሱቁ ደግሞ ኪራይ የሚከፍለው በየወሩ ነው። የጉዳዩ ቁልፍ ይኸው ነው።

ሰፈሩ ከባቡሩ በፊት

ሲልቨር ስፕሪንግ ሱቆቿ ሲቀያየሩ ይሄ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1947 ሄክት የተባለው ትልቅ የዲሲ መደብር እዚህ ቅርንጫፍ ከፈተ። በ50ዎቹ መሀል ከተማዋ በገበያ ትደምቅ ነበር። በ1960 ግን ከወደ ሰሜን ዊተን ፕላዛ ተከፈተ። ሰፊ መኪና ማቆሚያ ነበረው፣ ገበያተኛው ወደዚያ ዞረ። ከዚያ በኋላ ባዶ መስታወትና የተዘጋ በር እየበዛ ሄደ። በ90ዎቹ አጋማሽ ላይ አሜሪካን ድሪም የሚባል ግዙፍ የገበያና የመዝናኛ ማዕከል ይሠራል ተብሎ ብዙ ተወራ። በ1996 ያም ተሰረዘ።

ልብ በሉ፣ ስደተኛው ነጋዴ ቦታ ያገኘው በዚህ የውድቀት ጊዜ ነው። ኪራዩ ርካሽ ነበር። ዲሲ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤቶች መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን፣ ቀጥሎ ዩ ስትሪትና ናይንዝ ስትሪት ላይ ነበሩ። እዚያ ኪራይ ሲወደድ ሰው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ገፋ። ዕቁብ የደረሰው በዕቁቡ፣ ታክሲ የነዳው ባጠራቀመው፣ ወንድምና እህት ተባብረው፣ ማንም ያልፈለገውን ጠባብ ሱቅ ቀለም ቀብተው ከፈቱ።

በ2003 ነገሩ ተለወጠ። የ1938ቱ የሲልቨር ሲኒማ ታድሶ ተከፈተ። ዲስከቨሪ የሚባለው የቴሌቪዥን ኩባንያም ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚሁ ገነባ። ምሳ የሚበላ፣ ቡና የሚጠጣ የቢሮ ሠራተኛ መጣ። ይሄም አልዘለቀም። በ2018 መጀመሪያ ላይ ዲስከቨሪ ለቅቄ እወጣለሁ አለ። 1,300 ያህል ሠራተኛ ያስተዳድር የነበረ መሥሪያ ቤት ነው። በምሳ ሰዓት የለመዱት ፊት ሲጠፋ ለአንድ ትንሽ ቡና ቤት ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴ ብቻ ያውቀዋል።

የዲስከቨሪ መውጣት የተሰማው የባቡሩ ቁፋሮ በተጀመረ በወራት ውስጥ ነው። ኮቪድ ሲደርስ መንገዱ ገና እንደተቆፈረ ነበር። ስለዚህ እዚያ የተዘጋ ሱቅ ሁሉ በባቡሩ ምክንያት ነው የሚል ሰው አያምታታችሁ። ሦስት ዱላ ተከታትሎ ነው ያረፈው። ከሦስቱ ግን ተፈርሞበት፣ ተጠያቂ ባለቤት ኖሮት የመጣው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ግንባታው።

ሥራው እንዴት ቆመ?

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔ ባቡሩን እደግፋለሁ። የዲሲ ሬድ ላይን ሁለት ክንድ አለው። ቤተስዳ በአንዱ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሌላው ክንድ ላይ ናቸው። በመኪና ቅርብ ናቸው፣ በሜትሮ ግን ዲሲ መሀል ድረስ ወርዶ መልሶ መውጣት ነው። ቤተስዳ ሆቴል ውስጥ ወይ ፓርኪንግ ላይ የሚሠራ፣ መኪና የሌለው ሰው ይሄን ዙር ያውቀዋል፣ ካልሆነም አውቶቡስ ይጠብቃል። ፐርፕል ላይን ዲሲ ሳይገባ ከቤተስዳ እስከ ኒው ካሮልተን 26 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። 21 ጣቢያዎች አሉት። ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ ትልቅ እፎይታ ነው።

አሠራሩ ግን እንዲህ ነበር። የሜሪላንድ ስቴት በ2016 ከግል ኩባንያዎች ስብስብ ጋር የ36 ዓመት ውል ገባ። ስብስቡ ይሠራል፣ ከተሠራ በኋላም 30 ዓመት ያስተዳድራል። ጠቅላላ ዋጋው 5.6 ቢሊዮን ዶላር ተባለ። ቁፋሮ ሊጀመር ሲል የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ የአካባቢ ጥናቱ እንደገና ይታይ ብለው ፈቃዱን ሻሩት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈቃዱን የመለሰው በቀጣዩ ዓመት በጁላይ ነው። ከዚያ በኦገስት 2017 የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ገና ሳይጀመር ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ባከነ።

ቀጥሎ የኮንትራክተሩና የስቴቱ ጭቅጭቅ መጣ። የግንባታው መሪ ፍሉር የሚባለው ድርጅት ነበር። መሬቱን በጊዜው አላስረከባችሁንም፣ የመብራትና የውሃ መስመር ማዛወሩ ዘገየ፣ ከጭነት ባቡሩ ሀዲድ አጠገብ መከላከያ ግንብ ሥሩ ተባልን፣ ይሄ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ በልቶብናል አሉ። ጥያቄያቸው ወደ 800 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ስቴቱ አልተቀበለውም። በሴፕቴምበር 2020 ፍርድ ቤት መውጣት ትችላላችሁ ሲላቸው ዕቃቸውን ጠቅልለው ወጡ።

መንገዱ እንደተቆፈረ ቀረ። ስቴቱ አንዳንድ ሥራዎችን፣ በተለይ የመስመር ማዛወሩን፣ በራሱ ማስተዳደር ጀመረ። ዋናው ግንባታ ግን በቂ ሰው ይዞ የቀጠለው በ2022 በጋ ነው። አዲስ ኮንትራክተር መፈለግ፣ ጨረታ፣ ድርድር፣ ብድር፣ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። አዲሱ ሥራ ተቋራጭ ድራጋዶስና ኦኤችኤል የተባሉ የስፔን ኩባንያዎች ጥምረት ነው። ጠቅላላ ዋጋው ወደ 9.3 ቢሊዮን ዶላር ዘለለ። በ2024 ቀጠሮው ሲገፋ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጨማሪ ጸደቀ።

ከመሀሉ አንድ ቁጥር እዩልኝ። በ2020 መጨረሻ ስቴቱ ከኩባንያዎቹ ጋር ክርክሩን የዘጋው 250 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቶ ነው። መዘግየቱ ለኩባንያዎቹ ዋጋ ነበረው። በውል የተጻፈ፣ በጠበቃ የሚጠየቅ ዋጋ። ለቦኒፋንት ባለሱቅ ግን ማንም ዋጋ አላወጣለትም።

መንገዱ ላይ

ሥራ ላይ ያለ ግንባታና የቆመ ግንባታ አንድ አይደሉም። ሥራ ላይ ሲሆን ጫጫታ አለ፣ አቧራ አለ፣ ግን ሠራተኛ አለ፣ ሠራተኛው ቡና ይገዛል። ሲቆም አጥሩ ይቀራል፣ ብርቱካናማ በርሜሉ ይቀራል፣ ቡና የሚገዛው ሰው ይሄዳል። ከሩቅ የሚያይ ሰው መንገዱ የተዘጋ ይመስለውና ዞሮ ይሄዳል። ለዚህ ነው ከሱቆቹ ፊት ‘ክፍት ነን’ የሚል ማስታወቂያ የሚሰቀለው። የሱቁ የራሱ ሰሌዳ ከአጥሩ ኋላ ተሸፍኗል።

ትልቁ ችግር መኪና ማቆሚያው ነው። ሱቅ ፊት ለአምስት ደቂቃ ቆሞ እንጀራ ይዞ የሚሄድ ደንበኛ ነበር። ያ ደንበኛ ጋራዥ ገብቶ፣ ትኬት ቆርጦ፣ መንገድ ተሻግሮ ለአንድ ፌስታል እንጀራ አይመጣም። አንድ ቀን ቆሜ የሰማሁት የስልክ ንግግር አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ደንበኛው መሆን አለበት የደወለው። ሴትየዋ በትዕግሥት ይመሩታል። “ልጄ፣ ቦኒፋንት አትግባ። ዌይን ላይ ያለው ጋራዥ ግባና በእግርህ ና። እኔ አውጥቼ በር ላይ እጠብቅሃለሁ።” ከዚያ ሁለት ፌስታል ይዘው አጥሩ ጥግ ቆሙ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሠራተኛ አልነበረም። እሳቸው ውጭ እያሉ አንዲት ሴት በሩን ገፋ አድርጋ አየችና ማንም የለም ብላ ተመለሰች።

ዕቃ አራጋፊውም እንደዚያው ነው። የእንጀራ ቫኑ የሚቆምበት የለውም። ሁለት መንገድ ርቆ ይቆምና በጋሪ ይገፋል። የቸኮለ ሾፌር ሕግ ጥሶ ይቆማል፣ ቅጣቱ ይመጣል።

ይሄ በሒሳብ ሲታይ ምን ይመስላል? እንበልና በወር 30,000 ዶላር የሚሸጥ ቡና ቤት አለ። ኪራዩና ተጨማሪው 7,000፣ ሠራተኛ 9,000፣ ቡናው፣ ወተቱ፣ ዳቦው 10,000፣ መብራት፣ ኢንሹራንስና ልዩ ልዩ 1,500 ይወስዳል። ለባለቤቱ 2,500 ይተርፈዋል። ሽያጩ በአንድ አምስተኛ ብቻ ቀነሰ እንበል። 24,000 ሆነ። የዕቃው ወጪ አብሮ ቀንሶ 8,000 ይሆናል። ሌላው አይቀንስም። ድምሩ 25,500 ነው። በየወሩ 1,500 ከኪስ ይወጣል። ባለቤቱ መጀመሪያ ሠራተኛ ይቀንሳል። ከዚያ እሱና ሚስቱ ከጠዋት እስከ ማታ ይቆማሉ። ከዚያ ክሬዲት ካርድ ነው። ደንበኛው ሁሉ ባይጎድልበትም፣ አንድ አምስተኛው ብቻ ጎድሎ ሰው እንዲህ ይጎዳል።

ኪራዩ ራሱ ደግሞ ኪራይ ብቻ አይደለም። ብዙው የሱቅ ሊዝ፣ ማለትም የኪራይ ውል፣ ትሪፕል ኔት የሚሉት ዓይነት ነው። ተከራዩ ከኪራዩ በላይ የሕንጻውን የንብረት ታክስ፣ ኢንሹራንስና ጥገና ድርሻ ይከፍላል። በዚህ ላይ አብዛኛው ሰው በግሉ ዋስ ሆኖ ነው የሚፈርመው። ዘግቶ ልሂድ ቢል ቀሪው የሊዝ ዘመን ቤቱ ድረስ ይከተለዋል።

ለማን ይጮኻል?

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የላትም። የከተማ ምክር ቤትም የላትም። በሕግ ራሷን የቻለች ከተማ አይደለችም፣ በቀጥታ የምትተዳደረው በካውንቲው ነው። አጎራባቿ ታኮማ ፓርክ ትንሽ ሆና ከንቲባ አላት። እዚህ ግን ባለሱቅ አቤት ሲል ጉዳዩ ይበታተናል። ባቡሩ የስቴቱ ነው፣ ኃላፊው መሥሪያ ቤት ባልቲሞር ነው። መንገዱና ፓርኪንጉ የካውንቲው ነው፣ ካውንቲው ሮክቪል ነው። አጥሩ የኮንትራክተሩ ነው። አንዱ ወደ አንዱ ይመራል። እንግሊዝኛው የማያስቸግረው ሰው እንኳ ሱቁን ዘግቶ ለስብሰባ ሮክቪል መሄድ አይችልም። ካውንቲው መረጃ ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ መሆኑ ጥሩ ነገር ነው። የተተረጎመ ወረቀት ግን ውሳኔ የሚሰጥ ሰው አይተካም።

በካሳ በኩል ሕጉ አንድ ሹል መስመር አለው። በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ በመንግሥት ገንዘብ በሚሠራ ፕሮጀክት ቦታው የተወሰደበት ሰው እንዲካስ፣ ለመዛወሪያውም እንዲረዳ ያዛል። ሱቅህ ከፈረሰ ሕጉ ያውቅሃል። ሱቅህ ቆሞ ደንበኛህ ከቀረ ግን ሕጉ አያውቅህም። የቦኒፋንት ነጋዴዎች ዕጣ ይሄኛው ነው። በኋላ ላይ ስቴቱ በግንባታው ዞን ላሉ አነስተኛ ነጋዴዎች የድጎማ ፕሮግራም አቋቁሟል፣ ካውንቲውም ረድቷል። የረዱትን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ድጎማ በየበጀቱ የሚለመን ነው። ሲኖር ይሰጣል፣ ሲያልቅ ያልቃል። ቀጠሮ በተገፋ ቁጥር ራሱ የሚከፈል ነገር አይደለም።

ሌላ ዓይነት አሠራር እንዳለ ሲያትል አሳይታለች። እዚያ ሬይኒየር ቫሊ በሚባለው፣ የእኛም ሰው በብዛት በሚነግድበት ሰፈር፣ ቀላል ባቡር በዋናው መንገድ መሀል ተሠራ። ቁፋሮው ሳይጀመር ሰፈሩ ተሟግቶ 50 ሚሊዮን ዶላር ያለው ፈንድ ተቋቋመ። ገንዘቡ በግንባታው ምክንያት ለቀረ ገቢም፣ ሌላ ቦታ መልሶ ለመቋቋምም ይከፈል ነበር። ባቡሩ በ2009 ሥራ ጀመረ። የሲያትሉ ልዩነት ገንዘቡ አይደለም። ጉዳቱ እንደሚመጣ ታውቆ ከሥራው በፊት መመደቡ ነው። የሜሪላንድ ሰዎች ውሉን በ2016 ሲፈርሙ ይሄ ምሳሌ ፊታቸው ነበር።

ማወቅ የነበረባቸው ከሩቅ አገር ብቻም አልነበረም። እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከቦኒፋንት ጫፍ የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቀት ላይ ያለው ትልቁ የአውቶቡስ መናኸሪያ በ2008 ተጀምሮ በ2011 ያልቃል ተብሎ ነበር። ኮንክሪቱ ላይ ስንጥቅ ተገኘ። የተከፈተው በሴፕቴምበር 2015 ነው። በአንድ ሰፈር ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን መዘግየት ያልታሰበ አደጋ ነበር ማለት አያስኬድም።

የድልድዩ ነገር

ከሱቆቹ ወጣ ያለ ቢሆንም ታልበት አቬኑ ላይ የነበረውን ድልድይ ሳላነሳ አላልፍም። ከ1918 ጀምሮ በባቡር ሀዲዱ ላይ የነበረ ጠባብ ድልድይ ነው። ማዶ ሊተንስቪል አለች፣ በ1853 ነፃ የወጣ ጥቁር ሰው መሬት ገዝቶ የመሠረታት መንደር። ወዲህ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ለረጅም ዘመን ጥቁሮች ቤት እንዳይገዙ በውል የተከለከለበት ነበር። ድልድዩ ሁለቱን የሚያገናኝ እግር መንገድ ነበር። በ2018 የሁለቱም ወገን ነዋሪዎች አብረው መቶኛ ዓመቱን አከበሩ። በቀጣዩ ዓመት ለባቡሩ ተብሎ ፈረሰ፣ አዲስ ይተካል ተባለ። ከዚያ ኮንትራክተሩ ወጣ። መቶ ዓመት ሰው ያሻገረ ድልድይ ለዓመታት ክፍት ቦታ ሆነ። አጠገቡ ያለው የብስክሌትና የእግረኛ መንገድም በሴፕቴምበር 2017 እንደተዘጋ ብዙ ልጆች ያንን መንገድ ሳያውቁት አደጉ።

አሁን የሚያሳስበኝ

ሀዲዱ ተዘርግቷል፣ ባቡሮቹም በ2024 መምጣት ጀምረዋል። ሥራው እየተገባደደ ነው። የባለሱቁ ጭንቀት ግን አሁን ቅርጹን ይለውጣል። እስከ አሁን ደንበኛ የሚቀንስ ግንባታ ነበር። ነገ ኪራይ የሚጨምር ጣቢያ ይሆናል። ካውንቲው በ2023 ያወጣው የኪራይ ጣሪያ ሕግ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ መጨመር ይከለክላል፣ ግን ለመኖሪያ ቤት ነው። ለሱቅ እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። በ2018 ወይ በ2019 የአሥር ዓመት ሊዝ የፈረመ ሰው ውሉ የሚያልቀው ባቡሩ ሥራ በሚጀምርበት ወቅት ነው። ቁፋሮውን የተሸከመው እሱ፣ ጣቢያው የሚያመጣውን ገበያ የሚወርሰው ሌላ፣ ምናልባትም ከፍሎ የማይቸገር ሰንሰለታማ መደብር ሊሆን ነው።

ስለዚህ ካውንቲው ጊዜው ሳያልፍ ሁለት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ በግንባታው ጊዜ የነበረን ተከራይ በተመጣጣኝ ኪራይ ሊዝ ለሚያድስ አከራይ የንብረት ታክስ ቅናሽ ይስጥ፣ ቅናሹም ወደ ተከራዩ መውረዱ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ሁለተኛ፣ ከዚህ በኋላ ስቴቱ በሚፈርመው ማንኛውም የባቡርም ሆነ የመንገድ ውል ላይ፣ ለኮንትራክተሩ የመዘግየት ክፍያ በተጻፈበት ገጽ ላይ ለመንገዱ ባለሱቆችም ይጻፍ። ቀጠሮ በተገፋ በየወሩ፣ ማመልከቻ ሳያስፈልግ፣ የሚከፈል።

ሱቅ ያላችሁ ደግሞ ሊዛችሁን ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩት። የማደሻ መብት አላችሁ ወይ? ካላችሁ ለአከራዩ በጽሑፍ የምታሳውቁበት የመጨረሻ ቀን መቼ ነው? ብዙ ውል ላይ ይሄ ቀን ሊዙ ከሚያልቅበት ከስድስት ወር ወይ ከዓመት በፊት ነው። ካለፈ መብቱ ይጠፋል። የአዲሱ ኪራይ መጠን ውሉ ላይ በቁጥር ተጽፏል ወይስ ‘በገበያ ዋጋ’ ነው የሚለው? በገበያ ዋጋ ከሆነ ጣቢያው ከመከፈቱ በፊት ከጠበቃ ጋር ሄዳችሁ ከአሁኑ ተደራደሩ።